ሙሉ መጋዘን ወንጀል ነው እንዴ?

ከሳምንታት በፊት በቴሌቪዥን ያየሁት ነገር እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። ካሜራው የአንድ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ገባ። በቆሎ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። ከዚያ በሩ ተዘጋ፣ ወረቀት ተለጠፈበት፣ ማኅተም ተመታበት። አንድ የንግድ ቢሮ ኃላፊ በሩ ላይ ቆመው ታዲያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ይህን ያህል እህል መጋዘን ውስጥ መገኘቱ ራሱ መደበቁን ያሳያል አሉ።

እና የት ይገኝ? አስፋልት ላይ?

እኛ አገር ሽማግሌ ሲመርቅ «ጎተራህ ይሙላ» ነው የሚለው። ምርቃቱ የደረሰለት ሰው ግን ይታሸግበታል።

በቆሎ የሚሰበሰበው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። የምንበላው ዓመቱን ሙሉ ነው፤ ጳጉሜንም ጨምሩ። ሐምሌ ላይ የሚፈጨው በቆሎ ከኅዳር ጀምሮ የሆነ ቦታ ቁጭ ማለት አለበት። ገበሬው ቤት ይቆይ እንዳይባል የማዳበሪያ ዕዳ አለበት፣ ግብር አለበት፣ ነቀዝም ይፈራል። ዋጋው በወደቀበት ሰሞን አውጥቶ ይሸጣል። ያን ጊዜ ገዝቶ የሚያስቀምጥ ከሌለ ገበሬው በጥር ይከስራል፣ ከተሜው በሐምሌ ይራባል።

ማስቀመጥ ማለት ቆልፎ መሄድ የሚመስለው ካለ አንድ ቀን መርካቶ እህል በረንዳ ይሂድ። እኔ ያየሁት አንድ ሽማግሌ የመጋዘን ጠባቂ በቆሎውን ዘግኖ አንዷን ፍሬ በጥርሱ ይሰብራታል። ቀጭ ካለች ደርቃለች። ዝም ካለች ጭነቱን «ሂድና አድርቀው» ብሎ ይመልሰዋል። እርጥበቱ ከ13 በመቶ በላይ ከሆነ ይሻግታላ! ኩንታሉን ሲሚንቶ ላይ አያስቀምጥም፤ ከሥሩ የእንጨት ርብራብ ያነጥፋል፣ ከግድግዳውም ራቅ ያደርገዋል። በየጊዜው አንዱን ጆንያ ያራግፈዋል። ዱቄት ከበነነ ነቀዝ ገብቷል ማለት ነው፤ ወይ መድኃኒት ይገባል፣ ወይ ቶሎ ይሸጣል። (ነቀዝ የማይደፍረው ጤፍን ነው፤ ፍሬው አንሶት።)

አሁን ይህን መጋዘን አሽጉት። የሚያራግፍ የለም፣ መድኃኒት የሚያስገባ የለም፣ የሚሸጥም የለም። እሽጉ የሚያግደው ሰውን ብቻ ነው። ነቀዝ ወረቀት አያነብም። እህል ተደበቀ ብሎ የጮኸው ቢሮ እህሉን ከገበያው ራሱ ደበቀው! ዋጋ የሚቀንሰው እንዲህ ነው?

ስኳርና ዘይት ደብቀው እጥረት የሚፈጥሩ የሉም አልልም። አሉ፤ ይቀጡ። ግን እነሱ የሚያዙት በመግቢያና መውጫ መዝገብ ነው እንጂ በቁልል ከፍታ አይደለም። ኃላፊው መዝገብ ሲገልጡ አላየሁም። ጣሪያውን ሲያዩ ግን አይቻለሁ።

ደግሞስ መንግሥት ራሱ አይደል እንዴ ምርት አስቀምጡ ያለን? የመጋዘን ደረሰኝ አዋጅ ቁጥር 372 የወጣው በ1996 ነው። እህልህን መጋዘን አስገባ፣ ደረሰኝ ያዝ፣ በደረሰኙ ከባንክ ተበደር የሚል አዋጅ ነው። እህልና ቡና የሚያገበያየው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም በ2000 ሥራ ሲጀምር የቆመው በመጋዘን ላይ ነው። አንዱ ቢሮ አስቀምጥ ይላል፣ ሌላው ለምን አስቀመጥክ ብሎ ያሽጋል። ነጋዴው የቱን ይስማ?

ያ በር ከታሸገ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ለመሆኑ በቆሎውን ማን እያራገፈው ነው?