የታጠረ መሬትም እድገት ተባለ?

ዛሬ ግብሬን ከፍዬ ስወጣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አነበብኩ። ይህን ያህል ባለሀብት ፈቃድ ወሰደ፣ ይህን ያህል ካፒታል ተመዘገበ። ደሜ ፈላ!

ደብረ ማርቆስ ትንሽ ሻይ ቤት አለችኝ። ከሻይ ቤቴ ፊት ለፊት ለፋብሪካ ተብሎ የታጠረ መሬት አለ። ዓመታት አለፉ። ሣር በቅሎበት ዘበኛ ይጠብቀዋል። እሱም ቁጥሩ ውስጥ ገብቷል!

ለባለሀብት የሚሰጠውን ማበረታቻ አልጠላም። በ2013 የቡሬው አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ ለገበሬያችን በቆሎ ገበያ መጣ ብዬ ደስ ብሎኛል። ግን ማሽን ከቀረጥ ነጻ ሲገባ፣ የትርፍ ግብር ለዓመታት ሲቀር፣ በምላሹ ምን አገኘን ብሎ የሚቆጥር ማነው? ስንት ልጅ ተቀጠረ? ደመወዙ የቤት ኪራይ ይችላል? ሥራ ያልጀመረ ሰው እኮ ትርፍም የለው። ከትርፍ ግብር ነጻ ቢባል ለማን ይጠቅማል? እኛ ግን መሬታችን ታስሯል።

ፈቃድ ወረቀት ነው። ወረቀት እንጀራ ይሆናል እንዴ?

ደንበኞቼ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ሥራ ሲኖር ጠዋት ሻይ በሁለት ዳቦ ያዛሉ። ሥራ ሲጠፋ አንዷን ሻይ ለሁለት ይጠጣሉ። የከተማዋን ጤና መለካት የፈለገ ጠዋት 12 ሰዓት እኔ ጋ ይምጣና ብርጭቆ ይቁጠር።