የ90 ደቂቃው ተአምር

ሰሞኑን የተበተነችውን መርሐ ግብር ያላየ የለም። ከላይ «በፊውዥን ፕላዝማ ተርቡለንስና ትራንስፖርት ላይ ነጻ የቡድን ውይይት» ይላል፤ ከሥሩ ስድስት ተናጋሪዎች ከነሰዓታቸው ተደርድረዋል። የውይይቱ ጥያቄ «ስለ ተርቡለንስ ምን እናውቃለን? ምንስ ይቀረናል?» የሚል ነው። ከአምናው ጋር ሲነጻጸር ትልቅ እርምጃ ነው። «ምን» የነበረው «ምንስ» ሆኗል።

አዘጋጆቹን በአግባቡ ያመሰገናቸው ሰው እስካሁን አልተገኘም፤ ግፍ ነው። የፕላዝማ ሰዎች (አተሞችን አዋሕደው ኃይል ለማውጣት፣ ማለትም ለፊውዥን፣ እጅግ የጋለ ጋዝ የሚያጠኑት) ስንት አሥርት ዓመት የለፉት ሙቀቱ ከመሃል ወደ ዳር እንዳያመልጥ ነው። በቅንጣቶች ግጭት ብቻ ቢሰላ የሚያመልጠው ትንሽ ነበር፤ የሚለካው ግን፣ በተለይ በኤሌክትሮኖች በኩል፣ ከስሌቱ እጅግ ይበልጣል። ትርፉን የሚያጓጉዘው ተርቡለንስ፣ ማለትም የፕላዝማው የተመሰቃቀለ አዙሪት፣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ጀርመን ጋርሺንግ ውስጥ፣ አስዴክስ በተባለው ቶካማክ (ፕላዝማን በማግኔት መስክ የሚይዝ ቀለበት መሰል ማሽን)፣ ከፕላዝማው ዳር ትራንስፖርትን፣ ማለትም የሙቀቱን ማምለጥ፣ የሚገታ ራሱን የሚያቆም ግድግዳ ተገኘና ሙቀት የሚቆይበት ጊዜ ወደ እጥፍ ተጠጋ። ዓለም አጨበጨበ። የእኛዎቹ አዘጋጆች ግን በቲዎሪ ሰዎችና በመለኪያ ሰዎች መካከል አንዲት ሐሳብ የማታልፍበት ግድግዳ አቁመዋል፤ ያውም ያለ አንድ ዋት ማሞቂያ።

አሠራሩ ንጹሕ ፊዚክስ ነው። የተርቡለንስ አዙሪት ለማደግ ጊዜ ይፈልጋል። ጎን ለጎን የሚነጉዱ ፍሰቶች ፍጥነታቸው ሲለያይ አዙሪቱን ይዘለዝሉታል፤ የመዘልዘሉ ፍጥነት ከማደጉ ፍጥነት ከበለጠ ተርቡለንሱ ይከስማል። ቁም ነገር ያለው ክርክርም ለማደግ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ይፈልጋል። መርሐ ግብሩ በየ8 ደቂቃው ይዘለዝለዋል። ከሰመ።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። የተሰጠው 90 ደቂቃ ነው። ሰው እስኪሰበሰብ 6 ደቂቃ፤ 84 ቀረ። አወያዩ የውይይትን ጥቅም ለማስረዳት 10 ደቂቃ ይወስዳል፤ 74። ስድስት «የውይይት ጫሪዎች» በነፍስ ወከፍ 8 ደቂቃ፣ በድምሩ 48፤ 26 ቀረ። በእያንዳንዱ መሃል ገመድ ይነቀላል፣ ገመድ ይሰካል፣ ስክሪኑ ሰማያዊ ይሆናል፣ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ደግ ሰው «ሌላኛውን ቁልፍ ተጫን» ይላል። ይህ በየሰዉ 2 ደቂቃ፣ በጠቅላላው 12 ነው፤ 14 ቀረ። «ሦስት ስላይድ ብቻ» የተባለው ሦስተኛው ተናጋሪ 27 ይዞ መጥቷል። የመጀመሪያው የቶካማክ ሥዕል ነው፤ ሥዕሉን የሚያዩት ዕድሜ ልካቸውን ቶካማክ ላይ የሠሩ ሰዎች ናቸው። ሁለተኛው የተቋሙ ሕንፃ ነው። ሦስተኛው ይዘት ነው፤ ይዘት ማለት ይዘት የት እንዳለ የሚናገር ስላይድ። አራተኛው ላይ «እንደምታውቁት» ብሎ የሚታወቀውን ይጀምራል። አወያዩ ሁለት ጣት ያሳየዋል፤ እሱ ሁለት ስላይድ ቀረህ የተባለ መስሎት ይደሰታል። በዚህ ሌላ 8 ደቂቃ ያልፋል፤ 6 ቀረ። ይኸው ውይይቱ ተከፈተ! እጅ ያወጣው ሰው «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» ይልና 5 ደቂቃ ይናገራል። በቀረችው 1 ደቂቃ አወያዩ ያመሰግናል፤ «የቀረውን በሻይ ሰዓት»።

የአስተያየት ሰጪው መዝጊያ ሁሌም አንድ ነው፦ «የኤሌክትሮኑን ስኬል ግን አካታችኋል?» ማለትም በኤሌክትሮኖች ልክ የሚፈጠሩትን ጥቃቅን አዙሪቶች። ይህች መሣሪያ ከማንም ሥራ ላይ ትተኮሳለች፣ አትስትም። በዲዩቴሪየም (ከባድ ሃይድሮጂን) ፕላዝማ የአዮንና የኤሌክትሮን በማግኔት መስክ ዙሪያ የመዞሪያ ራዲየስ፣ ሙቀታቸው እኩል ሲሆን፣ 60 እጥፍ ያህል ይራራቃል። ሁለቱንም ስኬል በአንድ ጋይሮኪኔቲክ (ተርቡለንስን በኮምፒውተር የሚያሰላ) ሲሙሌሽን ለመያዝ በሚሊዮን የሚቆጠር የፕሮሰሰር ሰዓት ይበላል። ስለዚህ መልሱ ሁልጊዜ «አላካተትንም» ነው፣ ጠያቂውም ሁልጊዜ አዋቂ ነው። የትኛው ራዲየስ ላይ፣ በየትኛው ሁኔታ ያ ስኬል ልዩነት እንደሚያመጣ ቢጠየቅ ግን ሻይ ደርሷል።

ለዚህ ሁሉ ስኬት ቁልፉ ጥያቄውን ሰፊ ማድረግ ነው። አንድ ሞኝ አዘጋጅ ጥያቄውን ቢያጠብ ምን እንደሚከተል እንይ። ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ የአንድ ሾት (በማሽኑ ላይ የተደረገ አንድ ሙከራ) ቁጥር፣ የጊዜ ክልልና ራዲየስ ይልካል። የጥግግት፣ የሁለቱም ሙቀት፣ የሽክርክሪትና የማግኔት መስክ ጥምዝ መረጃ ከነስህተት ልኩ ይያያዛል። ከኃይል ሚዛን የወጣው የሙቀት ፍሰትም ይታከላል። ሲሙሌሽን ያለው ሰው ውጤቱን መሣሪያው እንደሚያየው አድርጎ አጣርቶ ያመጣል፤ በአንድ ሴንቲሜትር አካባቢ ስፋት አማካይ ወስዶ የሚያይ መሣሪያን ካልተጣራ ሲሙሌሽን ጋር ማወዳደር ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። አደጋው እዚህ ላይ ነው፦ ሰው መስማማት ሊጀምር ይችላል።

የስህተት ልኩ በተለይ ክፉ ነገር ነው። ሳይክሎን የተባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመውን የታወቀ የሲሙሌሽን መፈተኛ ውሰዱ። የሙቀት ቁልቁለቱ (ሙቀቱ ከመሃል ወደ ዳር ምን ያህል በፍጥነት እንደሚወርድ) መለኪያ፣ ማለትም ዋናው ራዲየስ ለቁልቁለቱ ርዝመት ሲካፈል፣ 6.9 ነው። በሊኒየር ስሌት ተርቡለንስ 4 አካባቢ ይነሣል፤ በተግባር ግን ተርቡለንሱ ራሱ የሚፈጥራቸው ዞናል ፍሰቶች (አዙሪቱን የሚዘለዝሉት) እስከ 6 ገደማ ያፍኑታል። ከ6 በላይ የተረፈው 0.9 ብቻ ነው። ቁልቁለቱን በ10 በመቶ ብትጨምሩት ትርፉ ወደ 1.6 ይወጣል፤ በ10 በመቶ ብትቀንሱት ወደ 0.2 ይወርዳል። ፍሰቱ ይህን ትርፍ እየተከተለ ይዋልላል። እንግዲህ ቁልቁለቱን በ10 በመቶ ልክ ያላወቁ ሁለት ሰዎች «ሲሙሌሽንህ ፍሰቱን በእጥፍ ሳተ»፣ «መለኪያህ ነው የሳተው» እየተባባሉ ጡረታ ሊወጡ ይችላሉ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። የስህተት ልኩ አስቀድሞ ቢላክ ይህን የመሰለ የዕድሜ ልክ ሥራ ማን ይሰጣቸዋል?

ድሮ እንዲህ ያለ ጥበብ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1968 ኖቮሲቢርስክ ላይ የሶቪየት ተመራማሪዎች ቲ-3 በተባለው ቶካማካቸው 10 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ መድረሳቸውን ሲናገሩ ብዙዎች ተጠራጠሩ። መፍትሔው ምን ያህል ኋላ ቀር እንደነበር ተመልከቱ፦ ከእንግሊዙ ካልሃም አንድ ቡድን የሌዘር መለኪያውን ጭኖ ሞስኮ ሄደና በ1969 ኤሌክትሮኖቹን ለካ። ሙቀቱ እውነት ሆኖ ተገኘ፣ ክርክሩ ሞተ። ዛሬ ቢሆን «የቲ-3 ሙቀት፦ ምንስ ይቀረናል?» እየተባለ ሃምሳኛ ዓመቱ ይከበር ነበር።

ቀልዱ የሚያቆምበት ቦታ ግን አለ። ዲዩቴሪየምና ትሪቲየም (ይበልጥ የከበደ ሃይድሮጂን) በብዛት ደባልቀው ያቃጠሉ ቶካማኮች ሁለት ናቸው፦ አሜሪካ የነበረው ቲኤፍቲአርና እንግሊዝ የነበረው ጄት። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1997 ተዘጋ። ጄት በ40 ዓመት ውስጥ ከ105 ሺህ በላይ ሾት ሠርቶ በ2023 መጨረሻ ቆመ። ቀላሉ የጋይሮ-ቦም ስሌት (የሙቀቱን ማምለጥ ከመዞሪያ ራዲየሱ የሚገምተው) ከባድ አይሶቶፕ፣ ማለትም ከባዱ የሃይድሮጂን ዓይነት፣ ሙቀትን የባሰ ያሳልፋል ይላል፤ ሙከራው ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን ያሳያል። ይህን ለመለየት የሚጠቅም መለኪያ ማሽኑ በሕይወት ሳለ ካልተጠየቀ በዚያ ማሽን ላይ ማንም፣ መቼም አይወስደውም። ማሽን እየሠራ ጥያቄን «ለወደፊት» ማሳደር በሕዝብ ገንዘብና በሰው ዕድሜ መቀለድ ነው። ሌሊቱን መረጃ ስታጣራ ያደረች ተማሪ 3 ደቂቃ ተሰጥቷት፣ አወያዩ 10 ደቂቃ ስለ ውይይት ጥቅም ሲሰብክ የሚያፍር ሰው አለመኖሩ ያናድዳል።

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርን። ለመጪው ውይይት ሁሉ ነገር ተሰናድቷል። የማጠቃለያው ረቂቅ ሳይቀር ከመርሐ ግብሩ ጋር ተያይዟል፦ «ሞቅ ያለና ፍሬያማ ውይይት ከተካሄደ በኋላ ተጨማሪ ጥናት እንደሚያስፈልግ ከስምምነት ተደርሷል።» ውይይቱ የሚካሄደው በሚቀጥለው ወር ነው።