ቢጠይቁን እምቢ ስለምንል ነው የማይጠይቁን

የፌስቡክ ባለቤት ሜታ ሰዎች ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳቱ ጋር የሚያደርጉትን ጭውውት ከታኅሣሥ 7 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ማስታወቂያ ለመምረጥ እንደሚጠቀምበት ሲያሳውቅ የሰጠው ምሳሌ ደሜን አፍልቶታል። ስለ ተራራ ጉዞ ካወራችሁ፣ ይላል፣ የተጓዦችን ቡድን እንጠቁማችኋለን፣ የጉዞ ጫማም እናሳያችኋለን። ጫማ! ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ስልኩን ይዞ የሚጽፈው ስለ ጫማ ነው? “ባለቤቴ ጥሎኝ ሄደ፤ የቤት ኪራዩን በምን ልክፈል?” ብላ የምትጽፈውን ሴት ለምን ምሳሌ አላደረጓትም? ኩባንያው ሃይማኖትን፣ ጤናንና ፖለቲካን የመሳሰሉትን ለማስታወቂያ አልጠቀምም ብሏል። በዘረዘራቸው ውስጥ ግን ዕዳ የለም። ፍቺ የለም። ከሥራ መባረርም የለም። አራጣ አበዳሪ ደግሞ የሚፈልጋት በዚያች ሰዓት ነው።

“ተጠቃሚው ለእሱ የተመረጠለትን ማየት ይወዳል” ይሉናል። የሚወድ ከሆነ ለምን አይጠይቁትም? አንድ ጊዜ ተጠይቆ መልሱ ታውቋል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2021 በአይፎን ስልኮች ላይ አጭር ጥያቄ እንዲመጣ አደረገ፦ ይህ መተግበሪያ በሌሎች መተግበሪያዎችና ድረ ገጾች ላይ እንዲከታተልዎ ይፈቅዳሉ? ከሥሩ ሁለት ምርጫ፣ መፍቀድና መከልከል። በቃ። ያ ለውጥ በ2022 ብቻ ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር ገቢ እንደሚያሳጣ የተናገሩት የዚያን ጊዜው የሜታ የፋይናንስ ኃላፊ ራሳቸው ናቸው። እንግዲህ ያ ሁሉ ገንዘብ ሲሰበሰብ የኖረው ባለቤቱ ቢጠየቅ አልሰጥም ከሚለው ነገር ላይ ነው። ሳያስፈቅዱ የወሰዱበትን ሰው “ወዶ ነው” ማለት ዓይን ያወጣ ውሸት ነው።

“ካልፈለጋችሁ አትጠቀሙ” የሚለውም አያስኬድም። ፍሎ በተባለው የወር አበባ መከታተያ መተግበሪያ ላይ ቀናቸውን የመዘገቡ ሴቶች ለሜታ የነገሩት ነገር አልነበረም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 ሳን ፍራንሲስኮ የተሰየመው የዳኝነት ሸንጎ ሜታ መረጃቸውን ያለ ፈቃዳቸው ሰብስቧል ሲል ፈርዶበታል። ጤናን አልነካም የሚለን ይኸው ኩባንያ ነው።

አዲሱ አሠራር ሲጀመር የአውሮፓ ኅብረት፣ ብሪታንያና ደቡብ ኮሪያ አልተካተቱም። ስቶክሆልም ያለችውን እህታችንን ከዋሽንግተኗ የለያት የሜታ ቸርነት ሳይሆን የሕግ ጉልበት ነው። እኛም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን፤ አስፈጻሚውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ባለሥልጣኑ ለሜታ ደብዳቤ ይጻፍ፦ የዜጎቻችንን ጭውውት ለማስታወቂያ ትጠቀማለህ ወይ? ከሆነስ ፈቃዳቸውን የጠየቅኸው መቼ ነው? መልሱም ለሕዝብ ይፋ ይሁን።