«ረሃብ» ያሉትን እናት ማን አርሙ አላችሁ?

ሰሞኑን በዞናችን በሰሜን ሸዋ፣ በአንድ ወረዳ ስብሰባ ላይ ከመንዝ የመጡ አንዲት እናት ተነስተው «ረሃብ ገብቷል» አሉ። መድረክ ላይ ከነበሩት ኃላፊዎች አንዱ አላስጨረሳቸውም። «እናቴ፣ ይታረም። ረሃብ የለም፤ ያለው የምግብ ክፍተት ነው። ረሃብ የሚባለው ሰው ሲሞት ነው» አላቸው። እሳቸው ዝም ብለው ተቀመጡ። እኔ ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

ሰው ሲሞት? ከትምህርት ቤት የመጣ ልጅ «እማዬ ራበኝ» የሚለው ሞቶ ነው እንዴ? የሞተ ሰው አይርበውም። የሚርበው በሕይወት ያለ ነው፤ ሊደረስለትም የሚችለው እሱ ነው። ባለሙያዎች ለከፋው ደረጃ መለኪያ እንዳላቸው አውቃለሁ። ከ10,000 ሰው በቀን ከ2 በላይ ሲሞት እያሉ ይቆጥራሉ። ይቁጠሩ። ያ የሪፖርት ቋንቋ ነው እንጂ የእናት አፍ መዝጊያ አይደለም።

ቃሉን ራሱን ልብ ብላችሁ እዩት። ራበኝ፣ ራበሽ፣ ራባቸው። እንደ «አመመኝ»፣ እንደ «በረደኝ» ነው። ረሃቡ መጥቶ ሰው ላይ ያርፋል። ማን ላይ እንዳረፈ ሳትናገር ቃሉን መጨረስ አትችልም። «ተራብኩ» ብትልም ያው ነው፣ ሰውየው እዚያው አለ። አሁን ደግሞ «የምግብ ክፍተት ተፈጥሯል» በሉና ሰውየውን ፈልጉት። የለም! ማን ጦሙን እንዳደረ የማይናገር ዓረፍተ ነገር ነው። ክፍተት የአጥር ነው፤ ሰው ክፍተት አይደለም።

ደግሞ አማርኛ ቃል አላጣም። ሆድ ባዶ ሲሆን «ሞረሞረኝ» ይላል። ጉልበት ከድቶ ዓይን ሲጨልም «ጠኔ» ይላል። ቤት የሚያስፈታውን «ችጋር» ይለዋል። የ1880ዎቹን እልቂት አያቶቻችን «ክፉ ቀን» ብለውት አለፉ። ከዚህ ሁሉ መሃል ለመንዝ ገበሬ የሚሆን ቃል ጠፍቶ ነው «ክፍተት» የተፈጠረው?

በልግ ሲከዳ ደጋው ምን እንደሚሆን እዚህ ያደገ ያውቃል። ሁሉም በጉን ገበያ ያወጣል፤ የበግ ዋጋ ይወድቃል፣ የገብስ ይሰቀላል። ከዚያ ለዘር የተቀመጠችው ገብስ ትቆላለች። የዘር እህል የቆላ ሰው የሚቀጥለውን ዓመትም በልቶታል።

«ቃሉ ድንጋጤ ይፈጥራል» የሚሉ አሉ። ይፍጠር! በ1965 እና በ1966 ወሎ ሲያልቅ ነገሩ ተሸፋፈነ። በ1977 ረሃቡ ሰሜን ሸዋንም ሲያንገላታ አዲስ አበባ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት ታከብር ነበር። ሁለቱም ጊዜ መጀመሪያ የተከለከለው ቃሉ ነው፤ ቃሉ ሲከለከል እህሉም ይዘገያል።

ለእኚያ እናት የሚገባቸው ጥያቄ ነበር። ስንት ቤተሰብ ነው? ከመቼ ጀምሮ? የዘር ገብስ ተርፎላችኋል? ከዚያ ሁሉ ኃላፊ አንድም የጠየቃቸው የለም።