እርማት፦ የሳይ ያንግ 511 ድሎችና የ50 ጫማው ወሬ

«አሜሪካዊው የቤዝቦል ወርዋሪ (ኳሱን ለመቺው የሚወረውር ተጫዋች) ሳይ ያንግ 511 ጨዋታ ያሸነፈው፣ ወርዋሪ ከመቺው 50 ጫማ ብቻ ርቆ በሚቆምበት ዘመን ስለነበረ ነው» የሚለው ወሬ ተደጋግሞ ይጻፋል። ልክ አይደለም።

50 ጫማ የወርዋሪው ሳጥን (ወርዋሪው እንዲቆምበት መሬት ላይ የተሰመረ ክልል) የፊት መስመር ርቀት ነው። ከ1887 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደንቡ ወርዋሪው የኋላ እግሩን የሳጥኑ የኋላ መስመር ላይ እንዲያሳርፍ ያስገድድ ነበር። ሳጥኑ 5 ጫማ ተኩል ስለሚረዝም እውነተኛው መነሻ 55 ጫማ ተኩል ይሆናል። በ1893 ሳጥኑ ቀርቶ 12 በ4 ኢንች የሆነ የጎማ ሰሌዳ 60 ጫማ ከ6 ኢንች ላይ ተተከለ። የተጨመረው እንግዲህ 5 ጫማ እንጂ 10 ጫማ ተኩል አይደለም።

ያንግ ደግሞ የጀመረው በ1890 ነው። በአሮጌው ደንብ 9፣ 27 እና 36፣ በድምሩ 72 ጨዋታ አሸነፈ። የቀሩት 439 ድሎች ዛሬም ከሚሠራበት ርቀት የተገኙ ናቸው፤ እነሱ ብቻቸውን በድል ብዛት ሁለተኛ ከሆነው ከዋልተር ጆንሰን 417 ይበልጣሉ!

ለውጡ አልጎዳውም ማለት ግን አይደለም። በየ9 ኢኒንጉ (የጨዋታ ዙሩ) በእሱ ላይ የሚቆጠረው ነጥብ፣ በቡድን አጋሮቹ ስህተት የገባው ሳይጨመር፣ በ1892 በአማካይ 1.93 ነበር፤ በ1893 ወደ 3.36 ወጣ። ያም ሆኖ በዚያው ዓመት 34 አሸንፏል። ዘመኑ በእርግጥ የጠቀመው በሌላ በኩል ነው፦ ያኔ ወርዋሪ የጀመረውን ጨዋታ ራሱ ይጨርስ ነበር፤ ያንግም 749 ጨዋታ እስከ መጨረሻው ወርውሯል።