ክሱን የማያውቅ ፍርደኛ

«ቤቱ የግል ነው፤ ደንቡ ያልተመቸው ይውጣ።» ባለፈው ሳምንት አንድ ማኅበራዊ መድረክ ጽሑፌን አንሥቶ ለ30 ቀን አፌን ሲለጉመው፣ አቤት ባልሁበት ሁሉ የተመለሰልኝ ይህ ነው። የሚገርመው፣ መላሾቹ የኩባንያው ጠበቆች አይደሉም፤ ነገ ተራው የሚደርሳቸው ተጠቃሚዎች ናቸው።

ቤቱ የግል መሆኑን ማን ካደ? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2024 መድረኮች የሚያሳዩትንና የሚያስቀሩትን መምረጣቸው ሐሳብን ከመግለጽ እንደሚቆጠር ጽፏል። ይሁን። ግን ቢሊዮን ሰው ጠርቶ፣ በእንግዶቹ ጨዋታ መሐል ማስታወቂያ እየሸጠ የከበረ «ሳሎኔ ነው» ሲል ትንሽ አያፍርም?

ጠቤ ከመሰረዙ ጋር አይደለም፤ ከዝምታው ጋር ነው። የደረሰኝ መልእክት «የማኅበረሰብ ደንባችንን ጥሰዋል» ይላል። የትኛውን ደንብ? በየትኛው ዐረፍተ ነገር? ሰው አይቶት ነው ወይስ ማሽን? ይግባኝ ጠየቅሁ። ደቂቃ ሳይሞላ «ውሳኔው ጸንቷል» ተባልሁ። ደቂቃ ሳይሞላ! ጽሑፌን አንድ ጊዜ ለማንበብ እንኳ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይፈጃል። ከሳሹም ዳኛውም ይግባኝ ሰሚውም አንድ ሆነው፣ ክሱን የማያውቀው ተከሳሹ ብቻ የሆነበት ችሎት ነው።

«በቀን ሚሊዮኖችን የሚያጣራ ድርጅት ለእያንዳንዱ ምክንያት መጻፍ አይችልም» የሚሉም አሉ። ከሁሉ የሚያናድደኝ ይኸው ነው። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው የሜታ ከፍተኛ ኃላፊ ጆኤል ካፕላን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ኩባንያቸው በቀደመው ወር በየቀኑ ሚሊዮኖች ይዘቶችን ማንሣቱን፣ ከ10 እርምጃዎችም አንዱ ወይም ሁለቱ ስሕተት ሊሆኑ እንደሚችሉ ራሳቸው ጽፈዋል። በትንሹ ቢሰላ በቀን መቶ ሺዎች ያለ ጥፋታቸው ይቀጣሉ ማለት ነው። ይህን ያህል የሚሳሳት ዳኛ የብዛቱን ነገር ማመካኛ ሊያደርገው አይገባም። ደግሞስ የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ መድረኮች ይዘት ሲያነሡ ምክንያቱን፣ ማሽን መጠቀማቸውንም ጭምር ለተጠቃሚው እንዲገልጹ ያስገድዳል። እዚያ የሚቻለው ሌላው ዓለም ላይ ሲደርስ ለምን ተአምር ይሆናል?

እ.ኤ.አ. በ2016 ፌስቡክ በቬትናም ጦርነት በናፓልም የተቃጠለችውን ሕፃን ዝነኛ ፎቶ ከየገጹ ሲያነሣ፣ የኖርዌይ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤርና ሶልበርግ የለጠፉትንም አልማረም። እሳቸው ሲጮኹ ፎቶው ተመለሰ። የሚጮኽልኝ ጠቅላይ ሚኒስትር የለኝም። 23 ቀን ይቀረኛል፤ ያጠፋሁባት ዐረፍተ ነገር የትኛዋ እንደሆነች ግን ዛሬም አላውቅም።