«መምህሩ ነው ያከሸፈው» ለምትሉ፣ ትንሽ እርማት

ወንድሜ፣ «አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ያልሠራው መምህሩ ለውጥ ስለማይወድ ነው» ብለሃል። እዚህ ባሕር ዳርም ቡና ላይ የማይቀር ወሬ ነው። ግን ልክ አይደለም።

የሥርዓተ ትምህርቱን ማዕቀፍ የሚያወጣው ትምህርት ሚኒስቴር ነው። የአንደኛ ደረጃን መጽሐፍ የሚያዘጋጀው ክልሉ፣ የመምህሩን ደመወዝ የሚከፍለው ደግሞ ወረዳው፤ እና የወረዳው የትምህርት በጀት አብዛኛው በደመወዝ ስለሚያልቅ ለሥልጠናም ሆነ ለቤተ ሙከራ የሚተርፈው ኢምንት ነው። ገንዘቡ ወዴት ይሂድ የሚለውን የሚወስነው የወረዳው ካቢኔና ምክር ቤት እንጂ መምህሩ አይደለም። ዘጌ የሚያስተምር ጓደኛዬ መጽሐፉን በፒዲኤፍ ስልኩ ላይ ከፍቶ፣ ስክሪኑን በጠመኔ ጣቱ እየገፋ ሰሌዳ ላይ ይገለብጣል። ታዲያ ይሄ ለውጥ ጠልቶ ነው?

ደግሞ ጊዜውን አስበው። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ በ2015 ዓ.ም. በአዲስ ተተካ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ክልላችን ውስጥ ጦርነት ተነሳ፣ ስንትና ስንት ትምህርት ቤት ተዘጋ። ይህንንም መምህሩ ላይ ልንለጥፍ ነው?

ሰነፍ መምህር የለም አልልም፣ ሞልቷል። ለማንኛውም የወረዳህን በጀት ጠይቅና ከደመወዝ ውጭ ለትምህርት ስንት እንደተያዘ እዚሁ ጻፍልን።